ስለ ነፍሰ ጡር እናት ምግብና ያለ ጊዜው ስለሚወለድ ሕፃን
(በትምህርት ቤታችን በዓል ቀን የተነበበ ንግግር)



እኛ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ዛሬ የምናቀርብላችሁ ንግግር በየቤታችን ስላለ ነገር ነው።

በአገራችን አራስ የተከበረች ናት። ገንፎው በቅቤ ይቀርብላታል፤ ጎረቤት ሁሉ ይጠይቃታል፤ ከሥራም ታርፋለች። ይህ መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን ያችው ሴት ከመውለዷ በፊት ውኃ ተሸክማ ዳገት ትወጣለች፤ ከገበታም የምትቀርበው ብዙ ጊዜ ባልና እንግዳ ከበሉ በኋላ ነው። እንግዲህ ክብሩ ከወሊድ በኋላ ብቻ ለምን ይጀምራል?

ሕፃን 37 ሳምንት ሳይሞላው ሲወለድ ያለ ጊዜው ተወለደ ይባላል። ሳንባው ስላልጠነከረ መተንፈስ ይቸግረዋል፤ ሰውነቱ ሙቀት አይዝም፤ ጡት ለመጥባትም ኃይል ያንሰዋል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ወባና ሌላም በሽታ፣ የደም ግፊት፣ መንታ መፀነስ፣ ወሊድን ማቀራረብ ይገኙበታል። የእናቲቱ መክሳትና የደም ማነስም አደጋውን ይጨምራሉ። በኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 በጦርነት ምክንያት ረኃብ በገባ ጊዜ፣ በእርግዝናቸው መጨረሻ የተራቡ እናቶች ክብደታቸው ያነሰ ልጆች ወልደዋል።

አንዳንዶች፣ ነፍሰ ጡር ብዙ ከበላች ፅንሱ ገዝፎ ምጡ ይከብዳል ይላሉ። ምግብ መቀነስ ግን የእናቲቱን ጉልበት ያደክማል እንጂ ምጥን አያቀልም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከወትሮው በቀን አንድ ጊዜ ጨምራ ትመገብ። ከማሽላውና ከገብሱ ጋር ባቄላ፣ ምስርና ጎመን ይቅረብላት፤ ሲገኝም እንቁላልና ወተት ይታከል። ቡናና ሻይ በምግብ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚያግዱ ከምግብ በኋላ ቆይታ ትጠጣ። ከጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን በየቀኑ ትዋጥ። ስለ ጾሙም የንስሐ አባቷን ታማክር።

መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ በከተማችን ስም ተጠርቷል። ሕፃን እንዳይቀነጭር የሚጠበቅበት አንድ ሺህ ቀንም የሚቈጠረው ከፅንስ ጀምሮ ነው። ስሙ የእኛ ከሆነ፣ ሥራውም አስቀድሞ በእኛ ቤት ሊጀመር ይገባል። እኛ ልጆች፣ ወንድ ሴት ሳንል፣ ውኃውን እንቅዳ፤ እንጨቱን እንሸከም። አባቶቻችን ሆይ፣ እናንተም ገበታው ሲቀርብ የነፍሰ ጡሯን ድርሻ አስቀድማችሁ አንሡላት።