ልጆቻችንና የቀኑ 60 ደቂቃ፦ በሞቃት ከተማ እንቅስቃሴን ስለ ማስለመድ



በአገራችን ስለ ልጆችና ወጣቶች የአካል እንቅስቃሴ በተነሣ ቁጥር ንግግራችን ወደ ሯጮቻችን ያመራል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም፣ ደራርቱ ቱሉም በ1992 በባርሴሎና ካስገኙልን ኩራት በኋላ ይህ ቢሆን አያስደንቅም። ሆኖም የጀግኖቻችን ዝና አንድ ጥያቄ የጋረደብን ይመስለኛል። ሜዳልያ የማይጠበቅባት ልጅ፣ ክለብ የማይመለምለው ልጅ፣ ዛሬ ምን ያህል ተንቀሳቀሱ? የዛሬው ንግግሬ ስለ እነርሱ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ፣ ከ5 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው ልጆች በአማካይ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ የልብን ምት የሚያፈጥን እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ እንቅስቃሴው ጠንከር ያለ፣ ጡንቻንና አጥንትንም የሚያበረታ እንዲሆን ይፈልጋል። አጥንት አብዛኛውን ጥንካሬውን የሚያከማቸው በልጅነትና በጉርምስና ነውና፣ ያ ዘመን ካለፈ በኋላ የጎደለውን መሙላት ይከብዳል። ይሁን እንጂ ከ146 አገሮች ተሰብስቦ እስከ 2016 ያለውን ሁኔታ ያሳየ መረጃ እንደሚያመለክተው፣ ከ11 እስከ 17 ዓመት ከሆናቸው ተማሪዎች 81 በመቶው ይህን መጠን አያሟሉም። ከሴቶቹ 85 በመቶ ያህሉ፣ ከወንዶቹ 78 በመቶ ያህሉ ከመጠኑ በታች ናቸው።

ታዲያ ምክር ብቻውን ይበቃልን? አይመስለኝም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በአርሲ በልጅነቱ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደ ነበር ደጋግሞ ተናግሯል። ያንን ሩጫ ያስለመደው ስለ ጤና የተሰጠ ትምህርት ሳይሆን የመንገዱ ርቀት ነው። ያን ድካም ለማንም ልጅ አልመኝም። ትምህርቱን ግን እወስዳለሁ፤ ልጅ የሚንቀሳቀሰው የቀኑ አወቃቀር ሲያንቀሳቅሰው ነው። ስለዚህ የእኛ ከተማ ቀን እንዴት እንደ ተዋቀረ እንመልከት።

ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር የተወለደች፣ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። በግንቦትና በሰኔ የቀትሩ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። አዋቂው ሱቁን ዘግቶ ጥላ ሲፈልግ፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ በቀትር ላይ የወደቀበት ተማሪ ሜዳ ላይ እንዲሮጥ ማዘዝ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ልጁ ቀትር ላይ ጥላ ሥር ቢቀመጥ ሰነፍ አያሰኘውም፤ የከተማውን ሕግ ያውቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቦታ ነው። በከዚራና በመጋላ መካከል ያለው የደቻቱ ደረቅ አሸዋ ለብዙ ልጆች የኳስ ሜዳ ነው። ይኸው ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወስዷል። ጎርፉ የሚነሣው ከደጋው በመሆኑ፣ የከተማው ሰማይ ጠርቶ ሳለ ሊደርስ ይችላል። ሰፊው የልጆች ሜዳ የጎርፍ መንገድ ከሆነ፣ ልጆቹን ከመገሠጻችን በፊት ሌላ ሜዳ ልናሳያቸው ይገባል።

ሦስተኛው የሴት ልጆች ድርሻ ነው። አሸዋው ላይ የሚታዩት በአብዛኛው ወንዶች ናቸው። ውኃ የምትቀዳዋ፣ ቤት የምታጸዳዋ ልጅ ሥራዋ ለአካሏ እንቅስቃሴ ሆኖ ይቆጠራል። ጨዋታዋን ግን አይተካላትም።

ከዚህ በመነሣት አራት ነገሮችን አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ሰዓቱን እናሻሽል፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት፣ ከ11 ሰዓት በኋላም እስኪመሽ ያለው ጊዜ የልጆች ይሁን። ሁለተኛ፣ 60 ደቂቃው በአንድ ጊዜ መፈጸም የለበትም። ወደ ትምህርት ቤት በባጃጅ ፈንታ በእግር የተሄደው 20 ደቂቃ፣ በእረፍት ሰዓት በሱዚ፣ በሰኞ ማክሰኞና በአባሮሽ ያለፈው 20 ደቂቃ፣ አመሻሹ ላይ የተጨመረው 20 ደቂቃ ተደምሮ ይሞላል። ሦስተኛ፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ለፈተና ማካካሻ አይወሰድ። ወላጆች ጥናት ይሻማል ብለው ይሰጋሉ፤ ሥጋታቸው ከፍቅር የመነጨ ነው። ነገር ግን እንቅስቃሴ የልጆችን የማሰብ ችሎታ እንደሚያግዝ ያው መመሪያ ይመሰክራል። አራተኛው እኛን ይመለከታል፤ የዩኒቨርሲቲያችን ሜዳዎች ማለዳ ለሰፈር ልጆች ይከፈቱ፤ ለሴቶች ልጆችም በሴት አሠልጣኞች የሚመሩ ቀናት ይመደቡ።

ውድ ተማሪዎቼ፣ ለጥናታችሁ ርእስ ስትፈልጉ ሩቅ አትሂዱ። በየትኛው ሰፈር፣ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ጥላ ሥር ስንት ወንድና ስንት ሴት ልጆች እንደሚጫወቱ ቁጠሩ። ሜዳ የሚሰጥ አካል ሁሉ ቁጥር ይጠይቃልና፣ ቁጥሩን ይዛችሁ ቅረቡ።