በስልክ ገመድ ስለሚገኝ ኢንተርኔትና ስለ መስማማት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ለተማሪዎች ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተሰጠኝ አርእስት አሮጌ የቤት ኮምፒዩተርን በስልክ ገመድ ከኢንተርኔት ጋራ ስለ ማገናኘት ነው። ከመካከላችሁ «ኢንተርኔት በኪስ በሚያዝ ስልክ በሚገኝበት ዘመን ይህ ምን ይጠቅማል?» የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም ይህ ነው፤ አዲሱ መሣሪያ ሥራውን ሸሽጎ ይሠራል፤ አሮጌው ግን እያንዳንዱን እርምጃ እያሳየና እያሰማ ይሠራል። ስለዚህ መገናኘት ምን እንደ ሆነ ለመማር የሚወድ ሰው ከአሮጌው ቢጀምር ይሻለዋል። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። የስልክ መሥመር የተዘጋጀው የሰውን ድምፅ እንዲያስተላልፍ ስለ ሆነ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ያሳልፋል፤ ከዚህ ብዙም አያልፍም። የኮምፒዩተር ቋንቋ ግን ዜሮና አንድ ብቻ ነው። እንግዲህ በሁለቱ መካከል አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ እርሱም ሞደም የሚባለው መሣሪያ ነው። ሞደም የኮምፒዩተሩን ቁጥር ወደ ድምፅ ይለውጣል፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ሞደምም ድምፁን መልሶ ቁጥር ያደርገዋል። በ1997 ኢንተርኔት በኢትዮጵያ ሥራውን ሲጀምር ብዙዎች የተገናኙት በዚሁ መንገድ ነበር።

ዛሬ ይህ አገልግሎት በብዙ ስፍራ እየቀረ ነው። በአሜሪካ እጅግ የታወቀው ኤኦኤል የተባለው ኩባንያ እንኳ በመስከረም 2025 መጨረሻ ላይ አቁሞታል። ቢሆንም ስዊችቦርድ የሚባለው የውስጥ ስልክ ማዞሪያ ያለበት ግቢ ሁሉ ነገሩን በራሱ ሊሞክረው ይችላል። ለምሳሌ ዊንዶውስ 98 የተጫነበትን ኮምፒዩተር እንውሰድ።

አንደኛ፤ ከኮምፒዩተሩ ውጭ የሚቀመጠውን ሞደም መምረጥ ይሻላል፤ መብራቶቹ የሚሠራውን ያሳያሉና። ሞደሙን ከኮምፒዩተሩ ጀርባ ከሚገኘው ባለ ዘጠኝ እግር ሲሪያል መሰኪያ ጋራ እናያይዛለን። የስልኩን ገመድ «ላይን» ተብሎ በተጻፈበት ቀዳዳ እናስገባለን። የማዞሪያው መሥመር አናሎግ የሚባለው ዓይነት መሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል፤ በዲጂታል መሥመር ላይ የተሰካ ሞደም ሊቃጠል ይችላል።

ሁለተኛ፤ «ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «ሞደምስ» የሚለውን ከፍተን ኮምፒዩተሩ ሞደሙን እንዲያውቀው እናደርጋለን። የውስጥ ማዞሪያ የሚያሰማው የመደወያ ድምፅ ከከተማው ስልክ ድምፅ ሊለይ ይችላል። ስለዚህ ሞደሙ ያንን ድምፅ ሳይጠብቅ እንዲደውል ማዘዝ ነው፤ አለዚያ «የመደወያ ድምፅ የለም» ብሎ ሥራውን ሊያቆም ይችላል።

ሦስተኛ፤ «ዳያል አፕ ኔትወርኪንግ» በሚለው ውስጥ አዲስ ግንኙነት እንፈጥራለን። የሚደወልበትን የውስጥ ቁጥር፤ የተጠቃሚውን ስምና የምሥጢር ቃሉን እንጽፋለን። ቲሲፒ አይፒ የሚባለው የኢንተርኔት መነጋገሪያ ሕግ መመረጡንም እናረጋግጣለን።

አራተኛ፤ በሌላው ጫፍ ሁለተኛ ሞደም ያለው፤ ሊኑክስ የተጫነበትና ከኢንተርኔት ጋራ የተያያዘ ሌላ ኮምፒዩተር እናቆማለን። በእርሱ ላይ «ኤምጌቲ» የሚባለው ፕሮግራም ስልኩን ያነሣል፤ «ፒፒፒዲ» የሚባለው ደግሞ የተደወለለትን ተቀብሎ ከኢንተርኔት ያካፍለዋል።

ይህ ሁሉ ከተሰናዳ በኋላ ሲደወል የሚሰማው ጩኸት ብዙ ሰዎችን ያስቃል። እኔ ግን ከነገሩ ሁሉ ትልቁ ትምህርት ያለው በዚያ ጩኸት ውስጥ ነው እላለሁ። የተደወለለት ሞደም አስቀድሞ 2,100 ኸርዝ በሆነ ድምፅ «እኔ መሣሪያ ነኝ፤ ሰው አይደለሁም» ብሎ ራሱን ያስታውቃል። ከዚያም ሁለቱ ሞደሞች መሥመሩን ይመረምራሉ፤ ሁለቱም በሚችሉት ፍጥነት ላይ ይስማማሉ፤ መሥመሩ ከተበላሸም ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። የአገራችን ሽማግሌዎች ወደ ጉዳያቸው ከመግባታቸው በፊት ስለ ቤተሰቡ፤ ስለ ከብቱና ስለ አዝመራው እንደሚጠያየቁ ነው። ከዚህ በኋላ የምሥጢሩ ቃል ይመረመራል፤ ለአሮጌው ኮምፒዩተርም አድራሻ የሚሆነው ቁጥር ይሰጠዋል። ከእነዚህ ስምምነቶች አንዱ ከጎደለ ገመዱ ቢኖርም ግንኙነት የለም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ለመሣሪያም ይሠራል።

ስለ ፍጥነቱም ጥቂት ልናገር። ሁለት ተራ ሞደሞች በአናሎግ መሥመር ሲነጋገሩ የሚደርሱበት ከፍተኛው ፍጥነት በሰከንድ 33,600 ቢት ነው። 56,000 የሚባለው የሚገኘው የአገልግሎት ሰጪው ጫፍ ዲጂታል ሲሆን ብቻ ነው። በሰከንድ 33,600 ቢት ፍጥነት 2 ሚሊዮን ባይት የሆነ አንድ ፎቶግራፍ ስምንት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። 5,000 ፊደል ያለው የአማርኛ ጽሑፍ ግን፤ እያንዳንዱ ፊደላችን ዘወትር ሦስት ባይት ስለሚይዝ፤ 15,000 ባይት ይሆንና ከአራት ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሳል። እንግዲህ ለንባብ ለሚፈልገው ሰው አሮጌው መንገድ የሚናቅ አይደለም።

ሆኖም ማስጠንቀቅ የሚገባኝ ነገር አለ። የዊንዶውስ 98 ሠሪ ለዚህ ሥራው የሚያደርገውን ጥበቃ በሐምሌ 2006 አቁሟል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ላይ የባንክም ሆነ የግል ምሥጢር አይጻፍ። ከዛሬዎቹ ገጾች አብዛኞቹም አይከፈቱለትም፤ የሚጠቀሙበትን አዲስ የምሥጢር አጻጻፍ አያውቀውምና። ይህም ራሱ የስምምነት ጉድለት ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር እመጣለሁ። ገመዱ ተሰክቶ፤ ሞደሙ ተስማምቶ፤ አድራሻው ተሰጥቶ አንድ የአማርኛ ገጽ ቢደርስ፤ አሮጌው ኮምፒዩተር እንደ ወጣ ከሆነ የሚያሳየን ባዶ ሳጥኖችን ወይም ትርጉም የሌለው ምልክት ነው። ምክንያቱ ይህ ነው። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። እያንዳንዱ ፊደል ዓለም ሁሉ የተስማማበት ቁጥር ሊኖረው ይገባል። ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ የግዕዝን ፊደል የተቀበለው በ1999 በሦስተኛው እትሙ ነው፤ በዚያም «ሀ» 4,608 የሚለውን ቁጥር አገኘች። ማይክሮሶፍትም «ኒያላ» የተባለውን የፊደላችንን መልክ ከዊንዶውስ ጋራ የሰጠው በ2007 ለገበያ ከዋለው ቪስታ ጀምሮ ነው።

ልብ በሉ፤ ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1997 ነው። ገመዱ ከፊደሉ ሁለት ዓመት ቀደመ ማለት ነው። በዚያ ጊዜ የአማርኛ መጻፊያ የሚሠራው ሁሉ ለየራሱ የተለየ ቁጥር ይሰጥ ስለ ነበር፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ላይ እንቆቅልሽ ሆኖ ይታይ ነበር። ብዙ ሰውም አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፍ ነበር። ይህ የሆነው ፊደላችን ለመሣሪያ የማይመች ስለ ሆነ አይደለም፤ ስምምነቱ ገና ስላልተጻፈ ነው። ነገሩ የተቃናው ፊደሉንም መሣሪያውንም የሚያውቁ ሰዎች፤ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያውያን፤ ጥናቱን አዘጋጅተው ወደ ጉባኤው ስላቀረቡ ነው።

በመጽሐፍ ቅዱስ እንደ ተማርነው የባቢሎን ግንብ የቀረው ጡብና ዝፍት ስለ ጠፋ አልነበረም፤ ሠራተኞቹ መግባባት ስላቃታቸው ነው። ዛሬም መሣሪያዎች የሚነጋገሩበት፤ የሚተረጉሙበትና የሚያነቡበት ሕግ በየጊዜው ይጻፋል። እኛ በዚያ ጉባኤ ካልተቀመጥን ሌሎች ያለ እኛ ይወስናሉ፤ ይህንንም የሚያደርጉት በክፋት ሳይሆን ቋንቋችንን ባለማወቅ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ዘንድሮ ከዚህ ትምህርት ቤት የምንወጣ ተማሪዎች የመሣሪያ ተጠቃሚ ብቻ ሆነን እንዳንቀር አሳስባለሁ። ከእኛ በኋላ ለምትቀሩትም አንድ ልመና አለኝ፤ አሮጌ ኮምፒዩተር ባገኛችሁ ጊዜ ከመጣሉ በፊት ክፈቱት፤ ሞደሙን ሰክታችሁ ደውሉበት፤ ጩኸቱንም በጸጥታ አዳምጡት። ሁለት መሣሪያዎች እንዴት እንደሚስማሙ የተረዳ ተማሪ ነገ ስለ ቋንቋው ለመስማማት በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ የሚናገረው አያጣም።

እግዚአብሔር አገራችንንና ትምህርት ቤታችንን ይባርክ።