የአባባ ሰባ አምስተኛ ዓመት
በምሩቃን ማኅበራችን የመገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው ደውሎ «ዘንድሮ አንተ ትናገራለህ» ሲለኝ ስለ ስንዴ የተጠየቅሁ መስሎኝ ወረቀት ማገላበጥ ጀምሬ ነበር። «ኧረ ተወን፣ የስንዴውን በሴሚናር ሰምተናል፤ የአባትህን ጉዞ ንገረን» አሉኝ። ወሬው እዚህ ድረስ መድረሱን ያወቅሁት ያኔ ነው። ለነገሩ ከስንዴውም ብዙ አልርቅም፤ አባባ ባለበት መራቅ አይቻልም።

ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ተማሪ ሳለን፣ ዩኒቨርሲቲያችን ገና በራሱ ስም ሳይቆም የአዳማ አካል በነበረበት ጊዜ፣ የሙከራ መደባችን ዳር ቆሞ ማንም ሳይጠይቀው ዋግ ይገምትልን የነበረው ባለ ከዘራ ሽማግሌ እሱ ነው። አንዳንዶቻችሁ ዘበኛ ይመስላችሁ ነበር።

አባባ የካዱ ሰው ነው። ለወጣቶቹ ልንገራችሁ፤ ካዱ በስዊድን ርዳታ በ1960 ዓ.ም. ገደማ እዚህ አሰላ ላይ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ነው። አባባ ያኔ በቀን ሠራተኛነት ገባ። ካዱ አርዱ ሆነ፣ የኩሉምሳ ጣቢያም በኋላ ወደ እርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተዛወረ፤ እሱ እዚያው መደቡ ላይ ቀረ። በቴክኒክ ረዳትነት ነው ጡረታ የወጣው። ሥራው ዋግ ማንበብ ነበር። ስንዴውን ጎንበስ ብሎ ያይና ከመቶ ስንቱ እጅ በዋግ እንደተሸፈነ ይገምታል፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ ተክሉ በሽታውን መቋቋም አለመቋቋሙን የሚያሳይ ፊደል ይጽፋል። 60 ኤስ ማለት ስልሳ በመቶ ተሸፍኗል፣ ተክሉም እጅ ሰጥቷል ማለት ነው። ይህ የቤታችን ቋንቋ ነው። የአንደኛ ዓመት ውጤቴን ሳሳየው መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አየና «40 ኤስ» ብሎ መለሰልኝ።

እንግዲህ በ2016 ዓ.ም. ጥር ላይ ሚኒያፖሊስ የምትኖረው እህቴ በቴሌግራም አንድ ቡድን ከፈተች። ወንድሜ ከአዳማ፣ እኔ ከአሰላ፣ ታናሿ እህታችን ከአዲስ አበባ ገባን። የቡድኑ ስም «75» ነው። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. አባባ ሰባ አምስት ስለሚሞላው ዱባይ ለአምስት ቀን እንውሰደው፤ እሱ ግን ምንም አይወቅ፤ እህታችንን ልንሸኝ ነው ብለን ቦሌ ድረስ እናምጣውና እዚያ ትኬቱን እንስጠው፣ ሰርፕራይዝ! ሐሳቡን ሁላችንም ወደድነው። እማዬም ምስጢሩ ተነገራት። ይህ የመጀመሪያው ስሕተታችን ነው፤ እማዬ ምስጢር አታወጣም፣ ግን አባባን ባየች ቁጥር እንባዋ ይመጣል።

ሁለተኛው ችግር «ሰባ አምስት» የሚለው ራሱ ነው። መስከረም 1 ቀን 1942 ዓ.ም. የሚለው ከሥራ ማኅደሩ የተገኘ ነው። እናቱ የነገሩት የጥምቀት ሰሞን መወለዱን ብቻ ነው፤ መስከረም አንድን የጻፈው አንድ ጸሐፊ ነው፣ ለቀኑ ስለሚመች። የቀበሌ መታወቂያው ላይ ደግሞ 1949 ይላል። አንድ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር የተለወጠውን ዓመት ወስዶ ዓ.ም. ብሎበታል። በአንዱ ወረቀት ሰባ አምስት ሊሞላው ነው፣ በሌላው ስልሳ ስምንት። እናንተም ወላጆቻችሁን ለማውጣት የምታስቡ ከሆነ ትኬት ከማየታችሁ በፊት ይህን እዩ፤ ፓስፖርት የሚወጣው በልደት ምስክር ወረቀት ነው፣ አንዴ የተጻፈውን ቀን ማስተካከል ደግሞ ከማውጣቱ ይብሳል።

ፓስፖርት ደግሞ ባለቤቱ ሳያውቅ የሚወጣ ነገር አይደለም። ፎቶ አለ፣ አሻራ አለ። ሰው አባቱን አዝሎ ሄዶ አሻራ አያስደርግም። እኛ ግን «ደረጃ በደረጃ እናታልለው» አልን። የልደት ምስክር ወረቀቱን «ለጡረታህ መዝገብ ነው» ብለን አስወጣን። ከዚያ በረራ ይችል እንደሆነ እንወቅ ብለን ሐኪም ዘንድ ወሰድነው፤ ደም ግፊት፣ ልብ፣ ስኳር ሁሉ ታየ። ሐኪሙ ጤንነቱን መስክሮ፣ የግፊት መድኃኒቱን በመንገድ እንዴት እንደሚወስድ ሊነግረን ወንድሜንና እኔን ወደ ኮሪደር ጠራን። አባባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ በመስታወቱ ያየን ነበር። ፈገግ እንኳ አላልንም፤ ምስጢር ስለምንጠብቅ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህቴ ከአሜሪካ በየቀኑ መደወል ጀመረች። ወንድሜ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከአዳማ ይመጣል። ሳሎን ስንንሾካሾክ አባባ ከገባ ዝም እንላለን። የካፖርት ልኩን ወሰድን። እማዬ ታለቅሳለች።

ግንቦት ላይ አንድ ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ ተቀምጠን ሳለ አባባ ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገ። የሣጥኑ ቁልፍ ነው፤ ሣጥኑ ውስጥ የመስክ ደብተሮቹ ናቸው። «ደብተሮቹ ያንተ ናቸው» አለኝ። «የጓሮውን ቦታ ነገር ለሽማግሌዎቹ ነግሬአለሁ። የንስሐ አባቴም ያውቃሉ። ጊደሯንም ሸጫታለሁ፣ ለተዝካሬ እንዳትቸገሩ። የእናታችሁን የተተኪ ጡረታ ወረቀት መጀመራችሁ ጥሩ ነው፤ እሱን አልቀየምኩም። አሁን እውነቱን ንገሩኝ። ሐኪሙ ስንት ወር ቀረው አለ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም።

እኛ አገር ክፉ ወሬ እንዴት እንደሚያዝ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መርዶ ሌሊት ነው የሚነገረው፤ ቀድሞ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎረቤት ይነገረዋል፣ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። ከባድ በሽታ ሲገኝ ሐኪሙ ልጆቹን ወደ ውጭ ይጠራል፣ ልጆቹ ፊታቸውን አስተካክለው ይመለሳሉ፣ «ምንም አይደለም፣ ቫይታሚን ነው» ይባላል። አባባ በሰባ ዓመት ዕድሜው ይህን ስንቴ አይቷል! በሌሎች ላይም አብሮ ደብቋል። እኛ ደስታ የደበቅንበት መንገድ ሞት ከሚደበቅበት መንገድ በምን ተለየ? ሰርፕራይዝ የሚባለውን ነገር በቪዲዮ ያየነው ሰዎቹ ሲጮሁና ሲተቃቀፉ ነው፤ ከዚያ በፊት ያሉትን አራት ወራት ማንም አይቀርጽም። አባባ አራት ወር ሙሉ ማታ ማታ ሞቱን ሲያደራጅ ኖሯል። አንድም ቀን አላማረረም። በጾሙ መሐል ጤፉን ራሱ አስፈጭቶ ነበር፤ እኔ ጉልበቱ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሁሉንም ነገርነው፤ ቡድኑን፣ ዱባይን፣ ቦሌን። እማዬ «ብያችሁ ነበር» አለች፤ አላለችም ነበር። አባባ ዝም ብሎ ቆየ። ይቆጣል ብለን ስንጠብቅ ሻማውን እያየ «ጊደሯ ጥሩ ጊደር ነበረች» አለ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ እስኪያስለው ሳቀ።

በማግስቱ እህቴ በስልክ እያለቀሰች ይቅርታ ስትጠይቀው «ዱባይ ምን አለ?» አላት። በዓለም ረጅሙ ሕንፃ እንዳለ ነገረችው። «ስንዴስ?» ስንዴ የለም። «እንግዲያው ብር አታባክኑ። ንጆሮ ውሰዱኝ።»

መምህራኑ ፈገግ ስትሉ አያለሁ። ለሌሎቻችሁ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1998 ኡጋንዳ ውስጥ የታየ፣ በዓመቱ የተዘገበና ዩጂ 99 የተባለ የግንድ ዋግ ዓይነት ነበር፤ ብዙ ዝርያ ሊቋቋመው ስላልቻለ ዓለም ደነገጠ። ከ2005 ጀምሮ የብዙ አገር ስንዴ ለፍተሻ የሚዘራው ኬንያ ውስጥ ንጆሮ፣ እኛ ዘንድ ደግሞ በደብረ ዘይትና በኩሉምሳ ነው። አባባ በመጨረሻዎቹ የሥራ ዓመታቱ ዘር በትንንሽ ፖስታ እያሸገ «ንጆሮ» ብሎ ይጽፍ ነበር። ዋግ ለእሱ ጨዋታ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. እንኮይ የተባለው ዝርያ በግንድ ዋግ ሲያልቅ የአርሲ ገበሬ ምን እንደሆነ አይቷል። ጡረታ በወጣ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ቢጫ ዋግ ኩብሳንና ገላማን ሲያቃጥል ደመወዝ የሌለው ሰው ደብተሩን ይዞ ከማሳ ማሳ ይዞር ነበር። «ያ ሁሉ ዘር ከእጄ ወጥቶ ሄዷል» አለን፤ «የት እንደ ወደቀ ሳላየው መሞት አልፈልግም። የተዝካሬን ገንዘብም በቁሜ ልብላው።» የጊደሯ ብር የአንድ ሰው ትኬት ግማሽ ያህል ሸፈነ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ። ኬንያ ለኢትዮጵያዊ ቪዛ አትጠይቅም። በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ንጆሮ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ከኩሉምሳ እኩል ማለት ነው፣ ስለዚህ የአባባ ደረት ልዩነቱን አያውቀውም። አሻራ ሊሰጥ ራሱ ቀድሞ ተሰለፈ። ጣቶቹ በአፈርና በገለባ አልቀው ማሽኑ አላነብ ብሎ ሦስቴ ተሞከረ፤ «እኔ ሠላሳ ዓመት ያነበብኩትን ይኼ እኔን ማንበብ አቃተው» አለ። የቢጫ ወባ ክትባት ግዴታ ነው። ከስልሳ ዓመት በላይ ላለና ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚከተብ ሰው የጎንዮሽ ጉዳቱ ከወጣቱ ይልቅ ስለሚያሰጋ ሐኪም መመዘን አለበት፤ ካርዱም የሚጸናው ከተከተቡ ከአሥር ቀን በኋላ ነውና ለመጨረሻ ሳምንት አይተውም። በዚህኛው ጊዜ ሐኪሟ ኮሪደር አልጠራችንም። «አባቴ፣ እርስዎ ምን ይላሉ?» አለችው። ጠይቆ፣ አስቦ፣ እጅጌውን ሰበሰበ።

የምርምር ጣቢያ እንደ ሆቴል ሰተት ተብሎ አይገባም። ደብዳቤ የጻፈልን እዚህ ፊት ወንበር ላይ ከተቀመጡት መምህሮቻችን አንዱ ነው። ስሙን እንዳልጠራ ስላስጠነቀቀኝ አልጠራም፤ አባባ ግን በየበዓሉ ይጠራዋል።

«እንቁጣጣሽን ቤቴ ሳልውል የትም አልሄድም» ስላለ ልደቱን እዚሁ አሰላ ዶሮ በልተን አሳለፍን። የሄድነው መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። እህቴ ከአሜሪካ ያመጣችውን ጥቁር የሱፍ ካፖርት ለበሰ። ከናይሮቢ ናኩሩ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ንጆሮ ከዚያ ትንሽ አለፍ ትላለች። መንገዱ ላይ ብዙም አልተናገረም፤ ማሳ ባየ ቁጥር መስታወት ያወርዳል።

መደቡ ጋ ስንደርስ እኛን ረሳን። በበሽታው እንዲጠቁ ሆን ተብለው የተዘሩት መስመሮች ከላይ እስከ ታች ቀልተዋል፤ ቀዩ ዱቄት ሱሪያችን ላይ ይበናል። አንድ የጣቢያው ሠራተኛ፣ እሱም ሽበቱ የበዛ፣ ሊያስጎበኘን መጣ። አማርኛ አያውቅም፣ አባባ እንግሊዝኛው ከፊደልና ከቁጥር አያልፍም። እኔ ላስተረጉም ስጠጋ በእጁ ገፋኝ። አንድ አገዳ ይዞ «40 ኤስ» አለ። ሰውዬው አየና ራሱን ነቀነቀ፤ «ፊፍቲ ኤስ»። አባባ መነጽሩን ቀየረ። ሁለቱም ተንበረከኩ። እንዲህ እያሉ መስመር ለመስመር ከጠዋት እስከ ምሳ ሄዱ፤ ሲስማሙ ይጨባበጣሉ፣ ሳይስማሙ አገዳውን ቀጥፈው ለፀሐይ ይይዙታል። እህቴ ቪዲዮ ስትቀርጽ ነበር። ሰባ አምስት የሚል ፊኛ ይዛ መጥታ ነበር፤ ከቦርሳዋ አላወጣችውም።

ማታ ሆቴል ገብተን አባባ ካፖርቱን አውልቆ በላስቲክ ጠቀለለው። አገር ቤት አላስገባውም አለ። የዋግ ብናኝ በልብስ ላይ ተጣብቆ አገር ሊያቋርጥ ይችላል፤ ስለዚህ ነው እንዲህ ካለ መደብ የወጣ ሰው ልብሱን በሙቅ ውሃ የሚያጥበው። ሱፍ ደግሞ በሙቅ ውሃ አይታጠብም። «አባባ፣ አራት መቶ ዶላር ነው!» አለች እህቴ። «ዋግ በነፋስ መምጣቱን አልከለክልም» አላት፤ «በእኔ ካፖርት ግን አይመጣም።» ጫማውን ራሱ ፈትጎ አጠበ። በማግስቱ ካፖርቱ ለዚያ ሰውዬ ተሰጠ፤ እሱም ሲለብሰው እጅጌው ትንሽ አጥሮት ነበር። አባባ ናኩሩ ከልባሽ ጨርቅ ተራ አረንጓዴ ሹራብ ገዝቶ ለበሰ፤ ደረቱ ላይ የአንድ የማናውቀው ትምህርት ቤት አርማ አለበት።

ለደመራ ዋዜማ አሰላ ገባን። ማታ ነበር፣ የጭላሎ ብርድ እንደምታውቁት ነው። እማዬ በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ካፖርቱስ?» አለችው።

«60 ኤስ» አላት።

እሷም ሌላ ሳትጠይቅ ሻይ ልታፈላ ገባች።