ሜዳሊያዋን የተነጠቀችው አሰልጣኝ

ከዛሬ ጀምሮ አሰልጣኝ ተብላችሁ የምትጠሩ ልጆቻችን፤

ስለ አንዲት የብሩክሊን ሴት ላጫውታችሁ። ራስቲ ካኖኮጊ ትባላለች፤ የጁዶ ሰው ነበረች። ኦሊምፒክ ላይ ተወዳድራ ስለማታውቅ ስሟ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ይሆናል። ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስጠራ ታገሱኝ።

በ1959 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ዩቲካ በምትባል ከተማ የዋይኤምሲኤ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) የጁዶ ሻምፒዮና ነበር። ከቡድኗ ወንዶች አንዱ ተጎዳና እሷ ተተካች። ፀጉሯን አሳጥራ፣ ጡቷን በፋሻ ጠፍራ ገባች፤ ተጋጣሚዋን ጣለች፣ ቡድኗም አሸነፈ። ሜዳሊያው አንገቷ ላይ ከገባ በኋላ አዘጋጁ ለብቻዋ ጠርቶ «ሴት ነሽ እንዴ?» አላት። አልዋሸችም። ሜዳሊያው ተወሰደ።

ይህን ታሪክ ሰው ሁሉ ይወደዋል፤ ፊልም ፊልም ይላል። እኔን ግን የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1962 ቶኪዮ ሄዳ የጁዶ ዋና ቤት በሆነው ኮዶካን ገባች። ሴቶች የሚሠለጥኑት ለብቻቸው ነበር። እሷን የሚችል ከሴቶቹ ሲጠፋ፣ ከወንዶቹ ጋር በዋናው አዳራሽ እንድትለማመድ ተፈቀደላት። ከእሷ በፊት ይህ የተፈቀደላት ሴት አልነበረችም።

ወንዶቹ የዓለም ሻምፒዮና የጀመሩት በ1956 ነው። ሴቶቹ እስከ 1980 ጠበቁ፤ ያም ቢሆን የመጣው ራስቲ ስለደከመችበት ነው። ውድድሩን ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ ለማዘጋጀት ገንዘብ ሲያጥራት መኖሪያ ቤቷን አስይዛ ተበደረች። እስቲ አስቡት፤ አሰልጣኝ ሌሎች ሴቶች እንዲወዳደሩ ብላ ቤቷን ስታስይዝ! በ1988 ሴዑል ላይ የሴቶች ጁዶ ለሙከራ ቀረበ፤ የአሜሪካን ሴቶች ይዛ የሄደችው እሷ ነበረች። በ1992 ባርሴሎና ላይ ጨዋታው ሙሉ የሜዳሊያ ውድድር ሆነ።

ባርሴሎና ስል ሁላችሁም ወደ ደራርቱ እንደሄዳችሁ ፊታችሁ ይናገራል። ደራርቱ ቱሉ ያን ወርቅ ያመጣችበት 10 ሺህ ሜትር ለሴቶች ኦሊምፒክ ውስጥ የገባው ገና በ1988 ነው። ከዚያ በፊት የእሷን የመሰለ እግር ያላት እህት ብትኖረን እንኳ በዚህ ርቀት የምትሰለፍበት ኦሊምፒክ አልነበረም። ስለዚህ «ሴቶቻችን በዚህ ስፖርት ደካሞች ናቸው» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ፣ ውድድሩ ከተከፈተላቸው ስንት ዓመቱ እንደሆነ ጠይቁት።

ለራስቲ በነሐሴ 2009፣ ከ50 ዓመት በኋላ፣ የኒውዮርክ ዋይኤምሲኤ የወርቅ ሜዳሊያ ሰጣት። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በ74 ዓመቷ አረፈች። ሜዳሊያው ዘገየ አልልም፤ እሷ እስኪመጣ ቁጭ ብላ አልጠበቀችውምና።

የምትቀጠሩበት ክለብ ስትገቡ መጀመሪያ የልምምድ ሰዓት ሰሌዳውን እዩልኝ። ወንዶቹ ጠዋት፣ ሴቶቹ ጂሙ ሊዘጋ ሲል ከሆነ፣ የመጀመሪያ ክርክራችሁ እሱ ይሁን። ኃላፊዎቹ ቅር ይላቸው ይሆናል፤ ይበላቸው።