ሁለቱ አንቀጽ 17

(በወጣቶች የውይይት ቀን የቀረበ ንግግር ነው። መገኘት ላልቻላችሁ ሙሉውን ለጥፈነዋል።)



ዛሬ አድዋን ላነሳ ነው። ግን ስለ ጋሻና ጎራዴው ላወራ አይደለም፣ እሱን የካቲት በመጣ ቁጥር ሁላችንም ፕሮፋይላችን ላይ እንለጥፈዋለን። ማውራት የፈለግኩት ከጦርነቱ 7 ዓመት ገደማ ቀድሞ ስለተጻፈ አንድ ወረቀት ነው።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ወሎ ውስጥ ውጫሌ ላይ ምኒልክ ከኢጣሊያ ጋር ውል ተፈራረሙ። የኢጣሊያው ተወካይ ኮንት አንቶኔሊ ነበር። ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ። የአማርኛው አንቀጽ 17 ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ በኩል መላላክ ይችላሉ የሚል ነው። ከፈለጉ፣ ማለት ነው። የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። ኢጣሊያም በዚህች ልዩነት ብቻ ኢትዮጵያ በኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች። ምኒልክ ለአውሮፓ ነገሥታት በቀጥታ ሲጽፉ የመጣላቸው መልስ ነው ጉዱን ያወጣው።

ከዚያ ምን ተደረገ? መጀመሪያ የተነሳው ጠመንጃ አይደለም፣ ክርክር ነው። የኛ ቅጂ እንዲህ ይላል፣ የእናንተ እንዲህ ይላል ተባለ። እቴጌ ጣይቱ አንቀጹን አምርረው ተቃወሙ። በ1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉን መሰረዛቸውን አሳወቁ። ክተት የተባለው ከዚያ በኋላ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 የሆነውን ታውቃላችሁ። በጥቅምት 1889 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው የሰላም ውል ውጫሌ ፈረሰ፣ ኢጣሊያም የኢትዮጵያን ነፃነት ተቀበለች።

እንግዲህ ልብ በሉ። አያቶቻችን አድዋ ከመዝመታቸው በፊት የፈረሙትን ያውቁ ነበር። አንድ ቃል ነው ያንን ሁሉ ሰው ያዘመተው።

አሁን ወደ ሁለተኛው አንቀጽ 17 ልውሰዳችሁ። ይሄኛው ያለው በኛው ሕገ መንግሥት ውስጥ ነው።

ሀገራችን እስከ ዛሬ አራት ሕገ መንግሥት አይታለች። የመጀመሪያው በበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተረቀቀው፣ ከጃፓኑ የተቀዳው የ1923ቱ ነው። እሱ ተሻሽሎ የ1948ቱ መጣ። ከአብዮቱ በኋላ በ1979 በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የኢሕዲሪ ነው። አራተኛው ኅዳር 29 ቀን 1987 ጸድቆ ነሐሴ 15 ሥራ ላይ የዋለው ነው። 11 ምዕራፍ፣ 106 አንቀጽ። በአንድ ከሰዓት ተነብቦ ያልቃል። ፌስቡክ ላይ በአንድ ማታ የምናነበው ከዚያ ይበልጣል እኮ!

አንቀጽ 17 በቀላል አማርኛ ይህን ይላል፦ ሕግ ካዘዘው ውጪ ማንም ሰው ነፃነቱን አያጣም፤ ክስ ሳይቀርብበት ወይም ሳይፈረድበት ማንም አይታሰርም። ዝርዝሩ አንቀጽ 19 ላይ አለ። የተያዘ ሰው ለምን እንደተያዘ በሚገባው ቋንቋ ወዲያው ይነገረዋል። ላለመናገር መብት አለው። በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመድረስ የሚወስደው የጉዞ ጊዜ አይቆጠርም። ካልቀረበ ደግሞ አካሉ ነፃ እንዲወጣ ለፍርድ ቤት አቤት ማለት ይቻላል። አንቀጽ 21 ቤተሰብ፣ ጓደኛ፣ የሃይማኖት አባት፣ ሐኪምና ጠበቃ እንዲጠይቁት ይፈቅዳል።

ይሄ ለምን ያስፈልገኛል የምትል ካለህ አንድ ነገር ልንገርህ። አንድ የሰፈራችን ልጅ ተይዞ ምግብ ይዘን ሄደን ነበር። በር ላይ የቆምነው አብዛኞቻችን ዲግሪ ያለን፣ ሥራ ፈላጊዎች ነን። አንዱ ስልክ ይነካካል፣ አንዱ ማን ዘመድ አለ እያለ ያስባል። ፊደል ያልቆጠሩት እናቱ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ቀረቡና ረጋ ብለው ጠየቁ፦ «ልጄ፣ ፍርድ ቤት የሚቀርበው መቼ ነው?» ስድብ የለም፣ ጩኸት የለም። ጥበቃው ገብቶ ጠይቆ መጣ፣ ቀኑንም ነገራቸው። ለእሳቸው ይህን ያስተማራቸው ዩኒቨርሲቲ አይደለም። «በሕግ አምላክ!» ሲባል ሰው የሚቆምበት ሀገር ውስጥ ስላደጉ ነው።

አዎ፣ ባህላችን ራሱ የሕግ ባህል ነው። ድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ራሳቸው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ሙግቱ «በላ ልበልሃ» እየተባለ አደባባይ ላይ ይካሄዳል። የገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ በሰላም የሚተላለፍበት ነው። አባቶችም «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላሉ። በቅሎ ስንት ጭብጦ ትገዛለች? ግን የሚያቃጥለው ዋጋው ሳይሆን ያለ ፍርድ መሄዷ ነው።

አሁን ትንሽ ልፈትናችሁ። ስልክ አይነካ!

ሕገ መንግሥቱን የሚተረጉመው ማነው? ብዙ ሰው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይላል። አይደለም፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ደግሞ አጣርቶ ያቀርብለታል።

የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ማነው? ፕሬዚዳንቱ አይደለም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ፕሬዚዳንቱ ርዕሰ ብሔር ነው፤ ዘመኑ 6 ዓመት ሲሆን ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም።

የመረጥከው የፓርላማ አባል አመኔታህን ቢያጣ 5 ዓመት መጠበቅ ግዴታ ነው? አይደለም። አንቀጽ 12 ሕዝብ ተወካዩን ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይናገራል።

ስንት ክልል አለ? አንቀጽ 47 ላይ የተዘረዘሩት 9 ናቸው። ዛሬ 12 ደርሰዋል፣ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጪ።

አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅስ ሁሉም መብት ይቀራል? አይቀርም። ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 እና የእኩልነት መብት ያለበት አንቀጽ 25 ያኔም አይነኩም።

ስንቶቻችሁ ሁሉንም መለሳችሁ? እጅ እንድታወጡ አልጠይቅም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ዜግነት ለመውሰድ ለዓመታት ሲሠራበት በነበረው ፈተና 100 ጥያቄ ያጠኑ ነበር። ከዚያ ውስጥ እስከ 10 ተጠይቀው 6 ከመለሱ ያልፉ ነበር። ቀን ሠርተው ማታ የሰው ሀገር ታሪክ ይሸመድዳሉ። የኛ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ የኢትዮጵያ ዜግነት የሚጠይቅ የውጭ ሰው ቢያንስ 4 ዓመት እዚህ እንዲኖር፣ ከሀገሪቱ ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት እንዲችልና ቃለ መሐላ እንዲፈጽም ያዛል። እኛን ማንም አልፈተነንም። በነፃ ያገኘነው ነው። በነፃ ስለተገኘ ግን ሳይታወቅ ይኑር ማለት አይደለም።

አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ተወው ባክህ፣ ወረቀት ላይ ያለ ነገር ነው፣ መች ይከበራል?» ይላል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። የማይከበርበት ጊዜ እንዳለ እኔም አያለሁ። ግን ወደ ውጫሌ ልመልስህ። ያም ወረቀት ነበር፣ ያም አልተከበረም። የአማርኛው ቅጂ ምን እንደሚል ባይታወቅ ኖሮ ማን ነበር «ውሸት ነው» የሚለው? ተጣሰ ለማለት መጀመሪያ የተጻፈውን ማወቅ ያስፈልጋል። የማያውቅ ሰው ሲበደል ዕድሌ ነው ብሎ ይሄዳል፣ ወይም ድንጋይ ያነሳል። የሚያውቅ ግን አንቀጽ ጠርቶ ይጠይቃል።

ሕገ መንግሥቱ ይሻሻል የሚል አለ፣ አይነካ የሚልም አለ። ሁለቱም ሐሳብ ነው፣ ሁለቱም ይከበር። ግን አንቀጽ 104 እና 105ን ሳያነቡ ይሻሻል ማለትም አይሻሻል ማለትም ባዶ ጩኸት ነው። እንዴት እንደሚሻሻል እዚያው ተጽፏል። የመብቶቹን ምዕራፍ ለመቀየር ሁሉም የክልል ምክር ቤቶች በየድምፅ ብልጫቸው መስማማት አለባቸው፣ ሁለቱም የፌዴራል ምክር ቤቶች ደግሞ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ እህቴ፣ የዛሬው የቤት ሥራ ቀላል ነው። ሥራ የለንም እንላለን፣ እውነት ነው፣ እኔም የለኝም። ጊዜ ግን አለን። ምዕራፍ ሦስትን አውርዱ፤ ከአንቀጽ 13 እስከ 44 ነው። በቀን ሦስት አንቀጽ ካነበባችሁ በ11 ቀን ታልቃለች። አንብባችሁ ስትጨርሱ ማንበብ ለማይችል አንድ ሰው በቃል አስረዱ፦ ለእናት፣ ለጎረቤት፣ ለጀበና ቡና ሻጯ። የተምታታባችሁን አንቀጽ ቁጥሩን ኮሜንት ላይ ጻፉ፣ በሚቀጥለው ውይይት አብረን እናየዋለን።

ባንዲራ መልበስ ፍቅር ነው፣ አልነቅፍም። የለበስነው ሀገር የሚተዳደርበትን ማወቅ ደግሞ ዜግነት ነው።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!