የሙት ልጅ የማን ልጅ ነው?



ቤተ ክርስቲያን ኢዮቤልዩዋን ስታከብር የታነጸውን ሕንጻ ብቻ ሳይሆን በጥላዋ ሥር ያደጉትንም ልጆች ልትቈጥር ይገባታል። ከእነዚህም መካከል አባትና እናታቸውን በኤድስ በሽታ ያጡ አሉ።

አዳማ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከሞጆ ወደ ደቡብ የሚታጠፈውም መንገድ መቂን፥ ዛሬ ባቱ የምትባለውን ዝዋይንና ሻሸመኔን ያገናኛል። የከባድ መኪና ነጂ የሚያድርበት፥ የወንጂና የመተሐራ ሸንኮራ ሠራተኛ የሚመላለስበት አገር ስለ ሆነ፥ ሲሳይ በመጣበት መንገድ ደዌም መጣ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ከታወቁበት ከ1978 ዓ.ም. አንሥቶ መድኃኒቱ ያለ ዋጋ መታደል እስከ ጀመረበት እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ ብዙ ቤት ተዘጋ።

በዚያ ዘመን ዕድር ድንኳን ተከለ፥ ሬሳውን በክብር ቀበረ፥ ኀዘንተኛውንም አጽናና። ነገር ግን ድንኳኑ ሲነቀል ልጆቹ ከማን ጋራ ያድራሉ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነበረ። ሸክሙ በአያቶች ትከሻ ላይ ወደቀ፤ ልጇን የቀበረች አሮጊት የልጅ ልጆቿን ለማሳደግ እንጀራ ጋግራ ሸጠች። አያት በሌለበትም ቤት ታላቅ እኅት ትምህርቷን ትታ እናት ሆነች። በኋላ ግን ለሙታን ብቻ ያዋጡ ከነበሩት ዕድሮች ብዙዎቹ ለሕያዋን ልጆችም ማዋጣት ጀመሩ፤ ይህም የሚመሰገን ነው።

እንግዲህ የሙት ልጅ የማን ነው? መልሱ ከሩቅ የሚፈለግ አይደለም። የኦሮሞ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ጉዲፈቻ የሚባል ሥርዐት አለው፤ በዚህም የሌላ ሰው ልጅ ከአብራክ እንደ ወጣ ልጅ ሁኖ ስምና ርስት ይካፈላል። የአገሪቱም ሕግ ይህንኑ ቃል ተቀብሎ ይሠራበታል። ቤተ ክርስቲያንም ወንዱን በ40፥ ሴቲቱን በ80 ቀን ስታጠምቅ ለወንዱ የክርስትና አባት፥ ለሴቲቱ የክርስትና እናት ታቆማለች። የዚህ ሥርዐት ሰሙ ማዕተብ ማሰርና ድግስ ነው፤ ወርቁ ግን ወላጅ በጐደለ ጊዜ ወላጅ መሆን ነው። ለውጭ አገር ሰው የሚደረገው ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ስለ ተከለከለ ዕዳው ይልቁን የጎረቤት ሆኗል።

ሕፃንን ማብላት ብቻውን አይበቃም። ወንድማማቾች እንዳይለያዩ፥ የወላጆቻቸውም ቤት በዘመድ እጅ እንዳይጠፋ ሽማግሌ ይጠብቅላቸው። ደዌው ከእናቱ የተላለፈበት ልጅ መድኃኒቱን በየቀኑ ሳያቋርጥ ይውሰድ፤ በአንድ ገበታ መብላት ደዌውን ስለማያስተላልፍም ሳህኑ አይለይበት። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ ማስተማራቸው ይታወሳል። ስለዚህ በእምነት ስም የሕፃንን መድኃኒት የሚያስጥል ሰው ሕፃኑን ለሞት አሳልፎ ይሰጣል።

ዛሬ መድኃኒት ስላለ ቀብሩ ቀንሷል፤ የዚያ ዘመን ልጆችም አድገዋል። ሆኖም በሹክሹክታ የተሰበረ ልብ ገና አልጠገነም፥ የሙት ልጅም ከደጅ አልጠፋም። ሐዋርያው ያዕቆብም ንጹሕ አምልኮን ሲገልጥ የሙት ልጆችን ነገር አስቀድሞ አንሥቷል። ስለዚህ የንስሓ አባት ሁሉ የሚጠብቀውን ቤት ይጐብኝ፤ ክርስትና ያነሣም ሁሉ ያነሣው ልጅ የት እንዳለ፥ ከማን ጋራ እንደሚያድር ዛሬውኑ ይጠይቅ። ኢዮቤልዩው ያን ጊዜ ፍጹም ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።