ፖይንት ጋርድ ምን ይሠራል?

ጎንደር በአገሪቱ የቅርጫት ኳስ ፕሪሚየር ሊግ የተወዳደረ ቡድን ያፈራች ከተማ ናት። ተመልካች ሲያጨበጭብ አብዛኛውን ጊዜ ኳሷን ቅርጫት ውስጥ ለከተተው ረጅም ልጅ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማወራችሁ ኳሷን ስላቀበለው፣ ብዙ ጊዜም ከቡድኑ አጭር ስለሚሆነው ስለ ፖይንት ጋርድ ነው።

ቡድኑ ኳሷን በ8 ሰከንድ ከራሱ ሜዳ ማውጣት፣ በ24 ሰከንድ ውስጥ ደግሞ ወደ ቅርጫቱ መወርወር አለበት። ሜዳ ላይ ይህን ሰዓት የሚከታተለው ፖይንት ጋርዱ ነው። በአንድ እጁ እያነጠረ ሌላውን ከፍ አድርጎ ሁለት ጣት ያሳያል፤ አራቱ ጓደኞቹም የተለማመዱትን እንቅስቃሴ ይጀምራሉ። ኳሷን ቁልቁል አያያትም። የሚያየው ተከላካዩ የትኛውን እግሩን እንዳስቀደመ ነው፤ በቀደመው እግር በኩል ሰብሮ ይገባል፣ ምክንያቱም ተከላካዩ በዚያ በኩል ለመመለስ ገላውን ማዞር ግድ ይለዋል። ረጅሙ ተከላካይ ሊያግደው ሲወጣ ቅርጫቱ ሥር አንድ ሰው ነፃ ይሆናል። ኳሷ መሬት ነጥራ ለዚያ ሰው ትደርሳለች።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ስለምትል አየሯ ሳሳ ይላል። ከቆላ የመጣ ተጋጣሚ ትንፋሽ ሲያጥረው ጎበዝ ፖይንት ጋርድ ወዲያው ያፈጥናል፤ የራሱ ጓደኞች ሲደክሙ ያዘገያል። አሠልጣኞቻችን ይህን ችሎታ በአጫጭሮቹ ልጆች ላይ ቢፈልጉት ደስ ይለኛል።